አፈ ታሪኩ ያልካዳቸውን ጠራቢዎች «አማራጭ ታሪኩ» ለምን ካዳቸው?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጣሊያን ተመራማሪዎች ቡድን በግብፅ ጊዛ ከካፍሬ ፒራሚድ ሥር ስምንት ግዙፍ፣ ምሰሶ መሰል ነገሮች እንዳገኘ ተናገረ። ወደ መሬት ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፣ ያየናቸውም በሳተላይት ራዳር ነው አሉ። ጥናቱ በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም። የራዳር ሞገድ ድፍን አለትን ሰንጥቆ ያን ያህል ጥልቀት ሊያሳይ እንደማይችል የዘርፉ ሰዎች ወዲያውኑ ገለጹ፤ ታዋቂው የግብፅ አርኪዮሎጂ ሊቅ ዛሂ ሀዋስም መሠረት የለውም ሲሉ አጣጣሉት። ወሬው ግን ማስተባበያውን አልጠበቀም። በዩቲዩብና በቲክቶክ በብዙ ቋንቋ ተባዛ፣ በአማርኛም ተተረከ፣ ከዚያም የተለመደው መንገድ ተከተለ፦ ፒራሚዱን ሰው ካልሠራው የአክሱምን ሐውልት ማን አቆመው? ላሊበላንስ ማን ፈለፈለው?

ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው «ይህን ማን ሠራው?» ባይል ይገርመኛል። እኔን የሚያሳስበኝ በመልሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠፋው አንድ ወገን ነው፦ መሮና መዶሻ የያዘው ሰው። የሚደንቀው ደግሞ ይህን ሰው የጣለው የጥንቱ አፈ ታሪካችን አለመሆኑ ነው። የጣለው «አማራጭ ታሪክ» የሚባለው አዲሱ ትርክት ነው።

ከገድለ ላሊበላ እንጀምር። ሊቃውንት እንደሚሉት ገድሉ የተጻፈው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ንጉሡ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሲወለድ ንብ እንደ ከበበው፣ መርዝ ጠጥቶ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው ከአንድ አለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳሳዩት፣ ተመልሶም ያየውን በምድር እንዲሠራ እንደ ታዘዘ ይተርካል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ንጉሡ ሥራውን ሲጀምር ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያ ያሠራል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ለመጥረብ፣ አንዳንዱ ለመቁረጥ። ሠራተኞችን ይሰበስባል፣ ደመወዛቸውንም የጠየቁትን ያህል ይሰጣል። መላእክት የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀን ከሰዎቹ ጋር ይሠራሉ፣ ሌሊት ለብቻቸው ይቀጥላሉ። ሰዎቹ በቀን አንድ ክንድ ቆፍረው ሲያድሩ በማግስቱ ሦስት ክንድ ተጨምሮ ያገኛሉ።

የገድሉ ጸሐፊ አማኝ ነው፣ የሚጽፈውም ለምእመናን ነው። ተአምሩን ለማጉላት ሲል ብረቱን፣ ደመወዙንና የአንድ ክንድ ልፋትን ከታሪኩ አላወጣም። ሰማይ የረዳው የሚሠራን ሰው ነው። ይህን የሚያምን አንድ የላስታ ገበሬ አያቱ በዚያ ሥራ ላይ እንደ ነበሩ ሊያስብ ይችላል፣ ገድሉ አይከለክለውም።

አሁን «አማራጭ» ወደሚባለው እንምጣ። ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ግራሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ነው። በእርሱ አባባል ላሊበላ በኢየሩሳሌም በስደት ሳለ ቴምፕላር ከሚባሉት የመስቀል ጦርነት ፈረሰኞች ጋር ተዋወቀ፤ ንግሥናውን ለመያዝ ሲመለስም አብረውት መጡ፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራም እጃቸው አለበት። እንደ ማስረጃ ከቀረቡት አንዱ በጣሪያና በግድግዳ ላይ የሚታየው ክንዱ ወደ ጫፉ የሚሰፋ መስቀል ነው፤ የቴምፕላሮች መለያ እርሱ ነበርና።

ማስረጃው የሚፈርሰው እዚያው መስቀሉ ላይ ነው። የቴምፕላር ማኅበር የተመሠረተው በ1119 ገደማ ነው። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ መስቀል መቅረጽ የጀመሩት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዒዛና ክርስትናን መቀበል በኋላ ነው። በመካከላቸው ወደ ስምንት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። ክንዱ የሚሰፋ መስቀል በባይዛንታይንም፣ በቅብጥም፣ በአርመንም ዘንድ የነበረ ነው፤ የአንድ ወታደራዊ ማኅበር ንብረት ሆኖ አያውቅም። ሌላም አለ። ቴምፕላሮች በፍልስጥኤምና በሶርያ የተዉት ምሽግ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተገነባ ነው። ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ አንድም ወጥ ሕንፃ የላቸውም። የማያውቁትን ሙያ ላስታ ድረስ መጥተው እንዴት ያስተምራሉ?

እዚህ ላይ በእውነተኛነት መነሳት ያለበት አንድ ከባድ ምስክርነት አለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ጽፏል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀስለት «ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አይኖርም ብዬ ስለምሰጋ መጻፉ ሰለቸኝ» ያለው ነው፤ የጻፈውም እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ግን የአገሬው ሰዎች ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና የሠሩትም «ግብጻውያን»፣ ማለትም ነጮች፣ እንደ ሆኑ እንደ ነገሩት የጻፈው ነው። «አማራጭ» ጸሐፊዎች የሚወዱት ይህን መስመር ነው፤ የኛ ሰዎች ደግሞ ሲደብቁት አያለሁ። መደበቅ የለበትም። አልቫሬዝ የመጣው ከንጉሡ ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ ነው፣ የጻፈውም በወቅቱ የሰማውን ነው። ጳጳሳችን ከእስክንድርያ ይመጣ በነበረበት ዘመን የግብፅ ቅብጣውያን ባለሙያዎች ላስታ ደርሰው ቢሆን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ሙያ ድንበር ተሻግሮ ይማማራል። ነገር ግን ንጉሡ በስሙ ያስቀረጻቸው የግዕዝ ጽሑፎች በእንጨት መንበረ ታቦቶች ላይ ዛሬም ይነበባሉ፤ የሰጣቸው የመሬት ጉልቶች በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ተመዝግበው ደርሰውናል። በእነዚህ ውስጥ ቴምፕላር የሚባል ስም የለም።

የሕንፃዎቹ ቅርጽም ራሱ ይመሰክራል። ቤተ አማኑኤልን በዙሪያው ስትመለከቱ ግድግዳው አንዴ ገባ አንዴ ወጣ እያለ በአግድም የተሸነሸነ ነው። በአለት ላይ ይህ ምንም የግንባታ ጥቅም የለውም። አክሱማውያን ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይገነቡ የነበረውን ግድግዳ መምሰሉ ነው። ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ያ የድንጋይና የእንጨት ግንባታ ራሱ ቆሞ ይታያል፤ የተሠራውም ከላሊበላ በፊት ነው። በትግራይ ደግሞ ውቅሮ ቂርቆስንና አብርሃ ወአጽብሐን ጨምሮ ከመቶ በላይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ አንዳንዶቹ ከላሊበላ በዕድሜ ይቀድማሉ። ሙያው ከየት እንደ መጣ ለሚጠይቅ ሰው መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በእግር የሚሄዱት ነው።

«በዚያ ዘመን መሣሪያ እንዴት ተቻለ?» ለሚለው ቤተ ጊዮርጊስን በቅርቡ እንየው። አለቱ እሳተ ገሞራ የተፋው ቀይ ድንጋይ ነው፤ ከጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ለብረት ይታዘዛል። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ ከላይ አራት ማዕዘን ቦይ ቆፍረው መካከሉን ድፍን አለት አስቀሩ። ከዚያ ጣሪያውን በመስቀል ቅርጽ አወጡ፣ ወደ ታች እየወረዱም ግድግዳውን ጠረቡ። በዚህ አሠራር መወጣጫ እንጨት መትከል አያስፈልግም፤ ሠራተኛው ሁልጊዜ የሚቆመው ገና ባልተቆፈረው መሬት ላይ ነው። ድንጋይ ወደ ላይ መስቀል፣ ቅስት መደገፍ፣ ጣሪያ መሸከም የሚባሉ ግንበኛን የሚያስጨንቁ ችግሮች የሉም። ያለው አንድ ከባድ ችግር ነው፦ ስህተት አይታረምም። አንድ ምሰሶ ከተሰበረ ሌላ አይተካም። ስለዚህ የሚያስደንቀው የጉልበቱ ብዛት ሳይሆን አስቀድሞ ሙሉውን ሕንፃ በአእምሮው ቀርጾ የጨረሰው መሐንዲስ ነው፤ ስሙንም ማንም አልጻፈልንም።

ጉልበቱን ግን እስቲ በግምት እናስላው። ጉድጓዱ በየጎኑ ከ20 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ጥልቀቱ ወደ 12 ሜትር ነው። የሕንፃውን ግድግዳ እንኳ ሳንቀንስ ድፍኑን ብንይዘው 6,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 50 ጠራቢዎች እያንዳንዳቸው በቀን ሩብ ሜትር ኩብ ቢያነሱ በቀን 12 ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል። 480 የሥራ ቀናት። በዓላትንና ክረምቱን አውጥተን በዓመት 200 ቀን ብቻ ቢሠሩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ግምቴ ለጋስ ነው የሚል ሰው በሦስት ያባዛው፤ ከስምንት ዓመት በታች ነው። ለማጠናቀቂያው፣ ለመስኮቱ ጌጥና ለውስጡ ጨምሩበት። የአንድ ንጉሥ ዘመን ይበቃዋል።

ይህም የወረቀት ስሌት ሆኖ የቀረ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ማይክል ገርቨርስ ዛሬም በኢትዮጵያ አዲስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን የሚያወጡ ሰዎችን ሥራ በምስልና በቃል መዝግበዋል። ካህናትና መነኮሳት፣ ተራ ምእመናንም አሉበት፤ መሣሪያቸው የእጅ ብረት ነው። «ዛሬ ባለው ቴክኖሎጂ እንኳ ሊሠራ አይችልም» የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር የሚታወሱኝ እነዚህ ናቸው። አንዳንዶቹ ሥራ ላይ እያሉ ነው ሊሠራ አይችልም የሚባለው።

ስለ አክሱም አጠር አድርጌ ልለፍ። ሐውልቶቹ የተቆረጡበት ጎቦ ዱራ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ አለቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ የሽብልቅ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ተጀምረው ያልተነሱ ድንጋዮችም እንዳሉ ናቸው። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፣ 520 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ተሰባብሮም ወድቋል። በአፈ ታሪክ ያፈረሰችው ጉዲት ናት፤ አጥኚዎች ግን ሊያቆሙት ሲሞክሩ ወይም እንዳቆሙት የወደቀ ይመስላል ይላሉ፤ ለቁመቱ የተሰጠው መሠረት ጥልቀት አይበቃውም ነበር። ለእኔ ከቆሙት ሁሉ ይልቅ ይህ የወደቀው ይናገራል። ሰው ነው አቅሙን እስከ መጨረሻው የሚፈትነው፣ ሰው ነው አንዳንዴ የሚያቅተው።

«ታዲያ ተረት ማንን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ዚምባብዌን ይጠይቅ። ጀርመናዊው አሳሽ ካርል ማውክ በ1871 ታላቋ ዚምባብዌ የምትባለውን የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ ሲያይ ጥቁር ሕዝብ ሊሠራት እንደሚችል አልተቀበለም። ከአንድ የበር አግዳሚ ስንጣሪ እንጨት ቆርጦ ሽታውና ቀለሙ የእርሳሱን እንጨት ስለመሰለው ዝግባ ነው አለ፤ ዝግባ ከሆነ ከሊባኖስ መጥቷል፤ ከሊባኖስ ከመጣ ያመጡት ፊንቄያውያን ናቸው፤ ቤቱም የንግሥተ ሳባ ነው። እንጨቱ በአካባቢው የሚበቅል የአፍሪካ ዛፍ ነበር። ግን ድምዳሜው ተመቻቸው። በ1891 ቴዎዶር ቤንት አገሪቱን ቅኝ በያዘው በእንግሊዛዊው ባለሀብት በሴሲል ሮድስ ኩባንያ ድጋፍ ቆፍሮ ሠሪዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው አለ። ከ1902 ጀምሮ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሪቻርድ ሆል ደግሞ የ«ጥንቶቹን» ሥራ ለማውጣት ብሎ ከላይ ያለውን የአፍሪካውያን መኖሪያ ደለል አስጠርጎ ጣለው። ዘመኑን በትክክል ሊነግረን ይችል የነበረው ያ አፈር ነበር።

በ1905 ዴቪድ ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን ቆፍረው የከተማዋ ባለቤቶች አፍሪካውያን መሆናቸውን አሳዩ። ዛሬ ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የሾና ሕዝብ ቅድመ አያቶች እንደ ገነቧት ያልተቀበለ አጥኚ የለም። በዚያን ጊዜ ሮዴዥያ ትባል የነበረችው አገር የነጮች መንግሥት ግን እስከ 1970ዎቹ ድረስ ይህን በይፋ ማስተማርን ተቃወመ፤ የቅርስ ኃላፊ የነበረው አርኪዮሎጂስት ፒተር ጋርሌክም በዚሁ ግፊት በ1970 አገሩን ለቆ ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያን 11 ሜትር የሚደርስ ግንብ የሠራ ሕዝብ «ታሪክ የለህም፣ ራስህን ማስተዳደር አትችልም» ሊባል አይችልም። አገሪቱ በ1980 ነጻ ስትወጣ ስሟን የወሰደችው ከዚያው ፍርስራሽ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ታሪክ ልንማር የሚገባን የተለየ ነገር አለ። ከሾናዎች ግንቡን ለመንጠቅ የተጠራችው ንግሥት በክብረ ነገሥት የኛ እናት ናት የምንላት ንግሥተ ሳባ ናት። በኛ ዘንድ የክብር ምንጭ የሆነ ስም ለሌላው ወንድም ሕዝብ የንጥቂያ መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። ስለዚህ «ይህን የሠሩት ከእስራኤል፣ ከየመን፣ ከሮም የመጡ ናቸው» የሚል ነገር ስንሰማ፣ ስሙ የሚያኮራን ቢሆን እንኳ፣ ማን ከታሪኩ ሊወጣ እንደ ሆነ ማየት አለብን።

በቅርቡ በአማርኛ እየተስፋፋ ያለው ትርክት ደግሞ ሌላ መልክ ይዟል። በገድሉ ያሉት መላእክት በእውነት «ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን» ነበሩ፤ የሌሊቱ ሥራ የጠፋ ቴክኖሎጂ ነው ይላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። መልአክ ለአማኙ መልአክ ነው፤ ወደ ማሽን ነጂነት ሲወርድ እምነቱ ይዋረዳል። ታሪኩም አይጠቀምም፤ ገድሉ የጠበቃቸው ብረትና ደመወዝ፣ የአንድ ክንድ የቀን ሥራም አብረው ይጠፋሉ። እምነትንም ታሪክንም በአንድ ጊዜ የሚጎዳ ሌላ ትርክት አላውቅም።

ጉዳቱ በስሜት ብቻ አይቀርም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት፤ ዛሬ ትልቁ ጠላቷ ውኃ ነው። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ የዝናቡን ውኃ ወደ ውጭ የሚያወጡ መፍሰሻ ቦዮችን ቆርጠው ነበር። ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ቆዩ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እስኪጠረጉ ድረስ ውኃው አለቱን ሲበላ ኖረ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት የብረት መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ነበር፤ ነዋሪውና ካህናቱ አንድ ቀን ይወድቁብናል ብለው ሲሰጉ ዓመታት አለፉ። ከ2019 ጀምሮ ከፈረንሳይ ጋር የጥገና ሥራ ተጀምሯል። ጥገናው የሚፈልገው ሰዎቹ ውኃውን በየት ያሳልፉት እንደ ነበር፣ አለቱን በምን ቅደም ተከተል እንደ ቆረጡት ማወቅ ነው። ምስጢሩ ከሰማይ ወይም ከጠፋ ሥልጣኔ ነው ያለ ሰው እነዚህን ቦዮች ለማጥናት ምክንያት የለውም።

እውነተኛ ክርክር የጠፋ አይምሰላችሁ። አለ፣ ከቴምፕላሮቹም ይልቅ ልብ ይሰቅላል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተሠሩም ይላሉ። በእርሳቸው አስተያየት ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሥ ላሊበላ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ምሽግ ወይም ቤተ መንግሥት ሆነው የተፈለፈሉ ናቸው፤ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተቀየሩ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ መግቢያው ከጥልቅ ቦይ በላይ በድልድይ የሚደረስ ነው፣ አቀማመጡም የቤተ መቅደስ ሥርዓት አይከተልም። ፈረንሳውያን አጥኚዎችም በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ቦታው በተከታታይ ምዕራፎች እንደ ተፈለፈለ ከአለቱ አቆራረጥ አንብበው አሳይተዋል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች የንጉሡን ክብር የሚነካ መስሏቸው ይቆጣሉ። እኔ አይመስለኝም። የንጉሡ ስም በመንበረ ታቦቶቹ ላይ አለ፣ ጉልቱ በወንጌሉ ላይ አለ፤ ቀድሞ የነበረውን ወስዶ ቅድስት ከተማ ማድረጉ ሥራውን አያሳንሰውም። ሙያው በላስታ ከአንድ ንጉሥ ዕድሜ የረዘመ ከሆነ ደግሞ ጠራቢዎቹ ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት ትውልድ ያለው ጥበብ ነበር ማለት ነው።

ይህን ክርክር ሊፈታ የሚችለው ነገር በአብዛኛው ገና አልተነካም። «የተፈለፈለው ድንጋይ የት ገባ?» ብለው የሚጠይቁ ቪዲዮዎች መልስ እንደሌለው አድርገው ያቀርቡታል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ትልልቅ የስብርባሪ ክምሮች አሉ፤ እነዚያው አጥኚዎች ለይተው መዝግበዋቸዋል። በክምሩ ንብርብሮች መካከል ከሠራተኞች ምድጃ የወጣ ከሰል፣ የተሰበረ ሸክላ ወይም የተጣለ የከብት አጥንት ቢገኝ የትኛው ሕንፃ መቼ እንደ ተቆረጠ በዘመን መለኪያ ማወቅ ይቻላል። ይህ የሚሆነው ክምሮቹ ሳይነኩ ከቆዩ ነው። በከተማዋ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቀየስ፣ ሆቴል ሲቆም መሠረት የሚወጣው ከዚያው አፈር ነውና የቅርስ ጥበቃው ካርታ ሕንፃዎቹን እንደሚያጥር ሁሉ እነዚህንም ክምሮች ማጠር ይኖርበታል።